እጄን ያወጣሁባት ጎረቤቴ

ዲላ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሰው ከስሙ ቀጥሎ የሚጠየቀው እድር እንዳለው ነው። እኔ ከደብረ ብርሃን መጥቼ ዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት በተቀጠርኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቤት ያከራዩኝ ሃጂ በራቸው ላይ ቆመው፣ "ልጄ፣ እዚህ ዘመድ አለሽ?" አሉኝ። የለኝም አልኳቸው። "እንግዲያው ነገውኑ እድር እናስገባሽ። ሰው በሰው አገር ሞቶ ደግሞ መቸገር የለበትም" አሉ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ መሞት ከእቅዴ ውስጥ አልነበረም። ቢሆንም ተመዘገብኩ።

ሃጂ በልጅነታቸው ከመሃል አገር መጥተው በጨርቅ ንግድ የጀመሩ፣ ኋላ አይሱዙ የገዙ ሰው ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ አራት የሚከራዩ ክፍሎች አሉ። ከእኔ ክፍል ጋር ግድግዳ የምትጋራው ልብስ ሰፊ ነበረች፤ እንደ እኔ መጤ፣ እንደ እኔ ያላገባች፣ በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የስፌት መኪናዋ ሲሄድ የእኔ ብርጭቆዎች ይንቀጠቀጣሉ። አንድ ቀን ልጣላት ሄድኩ። በሩን ከፍታ፣ ከከንፈሯ መሃል መርፌ አውጥታ፣ "ምስር ሠርቻለሁ፤ እየበላሽ ተጣዪኝ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለስድስት ዓመት ራት ብቻዬን በልቼ አላውቅም። ታይፎይድ ሲይዘኝ በባጃጅ ክሊኒክ ያደረሰችኝ እሷ ናት። እናቴ ስታርፍ ስፌቷን ትታ ደብረ ብርሃን ድረስ አብራኝ የሄደችው፣ ከማታውቃቸው ዘመዶቼ ጋር ሦስት ቀን የተቀመጠችው እሷ ናት።

ከዚያ ሰው ከቀዬው የተፈናቀለበት ዓመት መጣ። ትምህርት ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም ገበያው ዳርም በላስቲክ ድንኳን ተሞላ። መጀመሪያ ሰሞን ከተማው ሁሉ ደግ ነበር፤ ሁሉም ያለውን ይዞ ወጣ። ጎረቤቴ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰብስባ ለሕፃናቱ ሱሪ ትሰፋ ነበር። ሳምንታት ሲያልፉ ግን ወሬው ከሰው ወደ ዘር ዞረ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ መጀመሪያ በቀልድ ነበር፤ ኋላ ቀልዱ ቀረ። ወንድሟ "ከእነዚያ ጋር ታይቷል" ተባለ፤ ሰውን ካፈናቀሉት ጋር ማለት ነው። ማን አየው? የትም ማንም አላየውም። እሷ ከየት እንደመጣች እዚህ አልጽፍም። ያኔ የሰፈሩ ጥያቄ እሱ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ደግሜ ልጠይቀው አልፈልግም።

አንድ እሁድ እድሩ በራሱ ድንኳን ውስጥ ተሰበሰበ። አጀንዳው እሷን ከአባልነት መሰረዝ ነበር። እሷም አባል ናትና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። አንዳንዱ ስለ ሰላም ተናገረ፣ አንዳንዱ ስለ ጥንቃቄ፤ ስሟን ያነሳ ግን የለም፤ "ጉዳዩ" ነበር የሚሏት። በመጨረሻ ሰብሳቢው ደንቡን አነበቡ። ከዚያ፣ "ማንንም አናስገድድም፤ ዲሞክራሲ ነው። ይሰረዙ የሚል እጅ ያውጣ" አሉ። ሃጂ በዚያች ደቂቃ ውዱእ ሊያደርጉ፣ ለሶላት ሊታጠቡ፣ ወጡ። እኔ እጄን አወጣሁ።

ለምን እንዳወጣሁ ለማሳመር ብዙ ሞክሬያለሁ፤ አልተሳካልኝም። ፈራሁ። ዙሪያዬን ሳይ የእኔ እጅ ብቻ ጭኔ ላይ ነበር፤ ቀጥሎ የምሰረዘው እኔ ነኝ፣ ከዚያ ማን ይቀብረኛል ብዬ ነው። በቁሜ ምስር ያበላችኝን ሴት ሞቴን ፈርቼ ሸጥኳት። እሷ ተነሳች፣ የተቀመጠችበትን የእድሩን ወንበር አንስታ ወንበሮቹ የሚደረደሩበት ቦታ ወስዳ አስቀመጠችና ወጣች። በሳምንቱ የሃጂ አይሱዙ ዕቃዋን ጭኖ ሐዋሳ ወሰዳት። እኔ ያን ቀን ቢሮ ውስጥ የሌለ ሥራ ፈጥሬ አመሸሁ።

የፈሩት ይደርሳል የሚሉት እውነት ነው። እድር እንዳላጣ ብዬ ሰው አጣሁ። ክፍሏን ለተማሪ አከራዩት፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ ጆሮው ውስጥ ኢርፎን ሰክቶ ይገባል፣ ሰክቶ ይወጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ ራቴን አልጋዬ ላይ ተቀምጬ በላሁ። እጅ የሚወጣበት ስብሰባ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። መሥሪያ ቤት ውስጥ "ድምፅ እንስጥ" ሲባል ሽንት ቤት እሄዳለሁ። ሃጂ በውዱእ፣ እኔ በሽንት ቤት።

ምርጫ አስፈጻሚ የሚሆን ሰው ይፈለጋል ሲባል የተመዘገብኩት ለአገር አስቤ አይደለም። የቅዳሜና እሁዱ ዝምታ ስለከበደኝ ነው። ስልጠናው ላይ ግን አሠልጣኙ የታጠፈ ካርቶን አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋና፣ "መራጩ ከዚህ ጀርባ ሆኖ ምልክቱን ያደርጋል፤ ማንም አያየውም" አለ። ዓይኔ እንባ ሞላ። የተጨማደደ ቡናማ ካርቶን ነው፤ ነገር ግን ያ ካርቶን ያን እሁድ በእድራችን ድንኳን ውስጥ ቢኖር ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የካርቶኑ ጠበቃ ሆንኩ።

የጣቢያ ኃላፊ ሆኜ የተመደብኩት ሬኮ ከሚባለው ቦታ በላይ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ ነው። እስከ ቡና ማጠቢያው ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በሞተር፣ የቀረውን በጭቃ። የቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ ወቅቱ ስላልሆነ ባዶ ናቸው፤ ዝናብ ይመታቸዋል። ምክትሌ የዚያው አገር ልጅ የሆነች መምህርት ነበረች፤ ጌዴኦኛውን የምትተረጉምልኝ እሷ ናት። የቀበሌው ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ሳጥኑን አሸግን፣ ቀለሙን ከፈትን፣ ካርቶኑን መስኮት በሌለበት ጥግ አቆምኩት። ደጃፉ ላይ አንድ ካድሬ ጃኬት ለብሶ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ቆሟል። ራቅ በል አልኩት። ሳቀብኝ። ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። ስለ ውጤቱ እሱ አልተጨነቀም፤ ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም። ደብተሩ ለሌላ ነው።

መጀመሪያ የገቡት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሰልፉ ሁሉ ለእሳቸው መንገድ ለቀቀ። ወረቀቱን ተቀብለው ካርቶኑን አዩት። ዞረው ከጀርባው አዩት። ከዚያ በአማርኛ፣ እንደ ብዙ የአገሩ ሰው ለሴትም ለወንድም አንድ አድርገው፣ "ልጄ፣ ይህ ለምንድነው?" አሉኝ።

"ሰው እንዳያይዎት ነው አባቴ።"

"እኔ ምን ሰርቄ?"

ሕጉ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ስማ ልጄ። እኔ ሶንጎ ላይ ለሽምግልና የምቀመጥ ሰው ነኝ። ሰባ ዓመት ሙሉ የተናገርኩትን ሁሉ ሰው ፊት ተናግሬያለሁ። ዛሬ ጥግ ገብቼ ብናገር፣ ሰው ምን ደብቆ ነው አይለኝም?" አሉና የእኔን ጠረጴዛ ተደግፈው ምልክታቸውን አደረጉ። ወረቀቱን በሩ ላይ ለቆሙት ከፍ አድርገው አሳዩ። "ከቤታቸው የተባረሩ ሁለት ቤተሰቦች አንድ ዓመት ጓሮዬ ተቀምጠዋል። የእኔን እንሰት በልተናል። ማንም መጥቶ እንዴት ሆናችሁ አላለም። ስለዚህ ለሚገዛው አልሰጠሁም፤ ለሌላው ነው የሰጠሁ" አሉ። ካድሬው ጻፈ።

ወረቀቱን ወደ ሳጥኑ ሲወስዱ እጄን ሳጥኑ ላይ ጫንኩ። የታየ ወረቀት ነው፣ ተበላሽቷል፣ በሌላ ልተካልዎትና ከካርቶኑ ጀርባ ያድርጉ አልኳቸው። "አንዴ የተናገርኩትን ሁለተኛ አልናገርም" አሉና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ። "የተበላሸ" ከሚለው ፖስታ ውስጥ ከተትኩት።

ይህን ያደረጉት አንድ ሰው ቢሆኑ ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ። ግን ሽማግሌው ፊት ለፊት ካደረጉ በኋላ ማን ደፍሮ ካርቶን ጀርባ ይገባል? የገባ ሰው የሚደብቀው አለው ማለት ነው። አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ እያደረጉ ከፍ አድርገው አሳዩኝ። አንዱ ለገዢው፣ አንዱ ለተቃዋሚው፣ ሁሉም በኩራት። ሴቶቹ ባሎቻቸው ያደረጉበትን አይተው እዚያው ላይ ያደርጋሉ። አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ወረቀቷን ይዛ ካርቶኑን ረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ባሏን አየች፤ ከዚያ እንደ እሱ አደረገች። ካድሬው እስክሪብቶው እስኪያልቅ ጻፈ። እኔ ደግሞ ቁጣዬ አናቴ ላይ ወጥቶ፣ መተካት እንደሚችሉ እንኳ በወጉ ሳልነግራቸው፣ ሁሉንም ፖስታው ውስጥ ከተትኩ። እነሱ በግልጽ ሲያሳዩኝ ያየሁት የእድሩን ድንኳን ነበር፤ የወጡትን እጆች ነበር። ይህን ስህተቴን አልክድም።

ረፋዱ ላይ አንዱ ወጣት ወረቀቱ ሳጥን እንዳልገባ አስተዋለና ደጅ ወጥቶ ተናገረ። ጩኸት ጠብቄ ነበር። አልጮሁም። ሰልፉ ዝም ብሎ ተበተነ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ሶንጎው አለ፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሰውን ጉዳይ የሚያዩበት፣ ትልልቅ ዛፎች ያሉበት ሜዳ። ወንዶቹ ወደዚያ ሄዱ። ሴቶቹ አጥሩ ስር ቆሙ። ክፍሉ ውስጥ እኔ፣ መምህርቷ፣ ሌሎቹ አስፈጻሚዎችና ታዛቢዎች፣ የታሸገ ሳጥንና የወፈረ ፖስታ ቀረን። በሳጥኑ ውስጥ ያለው የካድሬውና የጥቂት ጓደኞቹ ወረቀት ብቻ ነበር፤ እነሱ ካርቶኑን በሚገባ ተጠቅመውበታል።

"አሁን ካልተመለሱ ቀበሌው ሙሉ ድምፁን አጣ ማለት ነው" አለችኝ መምህርቷ። በቁጣ አልነበረም፤ ደክሟት ነበር። "ሄደሽ ንገሪያቸው። ሕጉን ሳይሆን ምክንያቱን።"

ሳጥኑን ለሌሎቹ አስፈጻሚዎችና ለታዛቢዎች ትቼ በዝናብ ውስጥ ሄድኩ፤ መምህርቷ ለመተርጎም አብራኝ መጣች። ሶንጎ ላይ ሴት አትቀመጥም። እኔም ከዛፎቹ ጥላ ውጭ ቆሜ ይፈቀድልኝ እንደሆነ አስጠየቅሁ። እንግዳ ስለሆንኩ ከቆምኩበት ሆኜ እንድናገር ተፈቀደልኝ። መጀመሪያ ስልጠናው ላይ የሰማሁትን መናገር ጀመርኩ። እኚያ ሽማግሌ በትራቸውን ተመርኩዘው ያዩኛል። ሕጉን ተውኩት።

"እኔ አንድ ጎረቤት ነበረችኝ" አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ምስሩን፣ ታይፎይዱን፣ ድንኳኑን፣ እጄን። መምህርቷ አንድ በአንድ ተረጎመችው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ አለባብሼ ነው የነገርኳቸው። "እርስዎ አይፈሩም" አልኳቸው ሽማግሌውን፣ "ሁሉም ሰው ግን እንደ እርስዎ አይደለም። እኔ ሰው እያየኝ ስለሆነ ነው ያን ያደረግሁት። ካርቶኑ ለሌባ አይደለም፤ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ነው።"

ከዚያ መነጋገር ጀመሩ። ሶንጎ ላይ እጅ አይወጣም፤ ብልጫ የሚባል ነገር የለም። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው እስኪጨርስ ይጠብቀዋል፣ ያልተስማማ እስኪስማማ ድረስ ነገሩ አይዘጋም። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ ምርጫው የሚዘጋበት ሰዓት እየቀረበ ነው። ዝናቡ ልብሴን አልፎ ጀርባዬ ገባ። ሁሉ ሰው ተስማምቶ እኚያ ሽማግሌ ብቻ ቀሩ። ማንም "እንግዲህ አብዛኛው ከተስማማ" አላላቸውም፤ ጠበቋቸው። እኔ ያደግሁበት ስብሰባ ሁሉ ብቻውን የቀረን ሰው የሚረግጥ ነበር። አጥሩ ስር የቆሙትን ሴቶች ደግሞ አየኋቸው፤ እነሱን የጠየቀ የለም። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ነው ያየሁት።

በመጨረሻ ሽማግሌው ተናገሩ፤ መምህርቷ ተረጎመችልኝ። የእኛ ነገር እዚህ ይነገራል፤ ወረቀቱ ግን የመንግሥት ነው፣ መንግሥት በፈለገው ይሁን። መጀመሪያ ሴቶቹ ይግቡ፤ እዚህ የማይናገሩት እነሱ ናቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ "ያች ሴት፣ ይህን ነግረሃታል?" አሉኝ።

"አልነገርኳትም። ግን እዚያው ነበረች፤ አይታለች።"

"ማየት ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲያጠፋ፣ ያጠፋውን በበደለው ሰው ፊት ነው የሚናገር። እዚህ መጥተህ ለማያውቅህ ሽማግሌ መንገር ቀላል ነው ልጄ።"

መልሴን አልጠበቁም። በትራቸውን አንስተው ክፍሉ ደጃፍ ላይ የቆመውን ካድሬ ጠሩት። የእነሱው ልጅ ነበር፤ አባቱን ያውቁታል። ና እዚህ ተቀመጥ አሉት፣ አጠገባቸው። ሥራ አለብኝ ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ሽማግሌ ተቀመጥ ካለ ማን ይነሳል? ደብተሩን ኪሱ ከትቶ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ምርጫው እስኪያልቅ ድረስ ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ስለ አያቱ ሲያጫውቱት ዋሉ፤ በጨዋታው መሃል ቀና ባለ ቁጥር አንዱ ሽማግሌ ሌላ ጥያቄ ይጠይቀዋል። እኔ በሕግ ሁለት እርምጃ ብቻ ያራቅሁትን ሰው እነሱ በጨዋታ አሰሩት።

ረፋድ ላይ ፖስታ ውስጥ የከተትኩትን ሁሉ እያንዳንዱን በዝርዝሩ እያመሳከርን በአዲስ ወረቀት ተካን። ሁሉንም በቅድሚያ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሴቶቹ ገቡ። ያች ሕፃን ያዘለችው ከካርቶኑ ጀርባ ስትገባ ሕፃኑ እያለቀሰ ነበር፤ ቆይታ ስትወጣ ተኝቷል። በጣም ቆይታለች። ባሏ ሰልፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ማንም ቶሎ በይ አላላትም። ምን እንዳደረገች አላውቅም፤ አለማወቄ ደስ አለኝ። ሽማግሌው መጨረሻ ላይ ገቡ። ወዲያው ወጡ፤ በልጆች ፊት የተሳሳቱ ያህል አፍረው ነበር፤ ዓይኔን አላዩም።

ውጤቱ የታወቀው ነው። የሚያሸንፈው አሸነፈ። ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ የሚሄደው መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ይነግራችሁ ነበር። ነገር ግን ስንቆጥር ለሌላው ወገን የወጣው ወረቀት፣ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ በግልጽ ካየሁት በዛ። ካድሬው ከሶንጎው ተፈትቶ መጥቶ የተለጠፈውን አነበበና፣ "ይህ ሁሉ ከየት መጣ?" አለኝ። "ከሳጥኑ" አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? ወንበር የሚያስለቅቅ ቁጥር አይደለም። ዓለም አልተለወጠም። እዚያ ቀበሌ ግን ከባሏ ሌላ ያሰበች ሴት፣ ከጎረቤቱ ሌላ ያሰበ ወንድ እንዳለ ወረቀቱ ተናግሯል፤ በማግስቱም አብረው ገበያ ወርደዋል። እኔ ለሦስት ዓመት ሰው ሁሉ አንድ እጅ ነው ብዬ ነበር የኖርኩት። እንዳልሆነ በማወቄ፣ በባዶው ማጠቢያ በኩል ወደ ዲላ ስመለስ መኪና ውስጥ አለቀስኩ። የሚያይ አልነበረም፤ አጠገቤ ያለው ሰው ተኝቷል።

ዲላ ግን ዲላ ነው። ወደ ክፍሌ ገባሁ፣ ራቴን አልጋዬ ላይ በላሁ። የሽማግሌው ንግግር ሆዴ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ቀላሉን መረጥኩ፤ ከእሷ በፊት ወደ እድሩ ሄድኩ። ሰብሳቢው ቤት ሄጄ ያ ውሳኔ እንደገና ይታይ፣ በእጅ ሳይሆን በወረቀት ይሁን አልኳቸው። ሰውዬው አርጅተዋል፤ በሕመምም ምክንያት በትር ይዘዋል። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ "እኔም እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው" አሉ። ከዚያ፣ "አጀንዳ አስይዝልሻለሁ። ግን እሷ መመለስ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቀሻታል? ሳንጠይቃት ያባረርናት አንሶ ሳንጠይቃት እንመልሳት?" አሉኝ።

ስልኳ እንኳ የለኝም። በዚያ ሰሞን ቁጥሯን ራሴ ነኝ ያጠፋሁት። ወደ ሃጂ ሱቅ ሄጄ፣ ጨርቅ እየለኩ ሳሉ፣ ቁጥሯ ይኖርዎት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሜትሩን አስቀመጡ።

"በየኢዱ ትደውልልኛለች" አሉ። "ሦስት ዓመት ሙሉ መቼ ትጠይቂኝ ይሆን እያልኩ ነበር።"

"ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?"

"እኔስ ምን አፍ አለኝ ልጄ? ያን ቀን ውዱእ ነበረኝ እኮ። ውዱእ ይዤ ነው ውዱእ ላድርግ ብዬ የወጣሁት።" ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ።

ወረቀቱን አንድ ሳምንት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መዝገብ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ የተማሪዎች ፋይል በተደረደረበት መደርደሪያ መሃል ቆሜ ደወልኩ። ወዲያው አነሳች። "እኔ ነኝ" አልኩ። ማን ነሽ አላለችኝም።

ሽማግሌው እንዳሉት አደረግሁ። ይቅርታ ብዬ አልጀመርኩም፤ ያጠፋሁትን ተናገርኩ። ያን እሁድ እጄን አውጥቻለሁ፤ ማንም አልያዘኝም፣ ወንድምሽ ላይ የተባለውንም አላመንኩትም፤ የሚቀብረኝ አጣለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። ዕቃሽ ሲጫን ቢሮ የተደበቅሁት ሥራ ኖሮኝ አይደለም። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አልኩት።

የዘጋችብኝ መሰለኝ።

"እጅሽን አይቻለሁ" አለች። "ያን ቀን ሁሉም ፈርቶ ነበር። እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር ብዬ ብዙ ሌሊት አስቤዋለሁ፤ መልሱን አላውቀውም። ሦስት ዓመት አለመደወልሽ ግን ከእጁ ይብሳል። ያን ጊዜ እንኳ ሰው ያይሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ማን አየሽ?"

"ማንም" አልኩ።

"ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ አልዋሽሽም።"

"አትዋሺኝ።"

ከወዲያ በኩል የመንገድ ድምፅ፣ የባጃጅ ክላክስ ይሰማኛል። ልትዘጋ ነው ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ጋር አጥብቄ ያዝኩት።

"እሁድ ሱቅ አልከፍትም" አለችኝ። "ቤት ነው የምውለው።"

ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ ሐዋሳ ለመሄድ አምስት ቀን ቀረኝ።